ምነው ጠፉ?

ጉልበቴን አሞኝ ሦስት ሳምንት ከቤት ሳልወጣ ከረምኩ። መራመድ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያመራሁት ወደ ጉሊት ነበር፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ልገዛ። ሁልጊዜ ከእሷ የምገዛው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ ብድግ አለች።

«ጋሼ! ምነው ጠፉ? በደህና ነው?»

ስለ ጉልበቴ ነገርኳት። «እግዜር ይማርዎ» አለችና ቅሬታ ቢጤ ቀላቅላ ቀጠለች፤ «እኔማ ቃሪያ አስቀምጬልዎት ነበር። ያንን ለስንግ የሚሆነውን፣ ትልልቁን። ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ ስል ጠወለገ። ኋላ ወጥ ውስጥ ከተትኩት።»

ወደ ቤት ስመለስ ጉልበቴን ረስቼው ነበር። ለምን እንዲህ ደስ እንዳለኝ ለራሴ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ቃሪያው አልደረሰኝም። ሴትዮዋ ዘመዴ አይደለችም፤ ስሟን አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። ክፉ ሰው ቢሰማ «ደንበኛ ቀርቶባት ነው» ሊለኝ ይችላል፤ የሁለት መደብ ሽንኩርት ጉዳይ። ይሁን። እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ የጣሪያ ቆርቆሮ ስቆጥር ግን አንዲት የላስቲክ ዳስ ሥር በእኔ ስም የተቀመጠ ነገር ነበር። ጠውልጎ ወጥ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የእኔ ነበር።

ይህን ስሜት ነጥለው አውጥተው ካጠኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሞሪስ ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ነው። ሮዘንበርግ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለኩ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጀ፤ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይሠሩባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ግን ከክሌር ማከላ ጋር ሆኖ ሌላ ጥያቄ አነሣ። አንድ ወጣት ለራሱ ያለው ግምት ሌላ፣ ለወላጆቹ ቁም ነገር መሆኑን ማወቁ ሌላ ቢሆንስ? ሆኖ አገኙት። እናትና አባቱ ነገሬ እንደማይሉት የሚሰማው ልጅ፣ ለራሱ ያለው ግምት ከሌላው የማይተናነስ ሆኖ እንኳ፣ ይበልጥ ይተክዛል፣ ይበልጥ ይጨነቃል።

ስሜቱን ሲተነትኑትም፣ ሰው ልብ ሲለኝ፣ ሲያስብልኝ፣ የእኔ ደስታና ኀዘን የእሱም ሲሆን፣ ሲመካብኝ ይሰማኛል አሉ። እኔን የያዘኝ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ ርእሳቸው ላይ ያስቀመጧት አንዲት ቃል ናት። ይህ ስሜት ከምልክት ተነሥተን የምንደርስበት ግምት ነው ይላሉ። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። ዱካ እንደሚከታተል አዳኝ ከዚህም ከዚያም እንለቃቅማለን፤ አንድ አስተያየት፣ አንድ የስልክ ጥሪ፣ አንድ የጠወለገ ቃሪያ። ስለዚህ መስተዋት ፊት ቆሞ ለራስ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በየመጻሕፍት መደብሩ ደጃፍ የተደረደሩት የማነቃቂያ መጻሕፍት «ራስህን ውደድ፣ የሰው አስተያየት አያስፈልግህም» ሲሉኝ ባላምናቸው አይፈረድብኝም። ራሴን ብወድ ማን ቃሪያ ያስቀምጥልኛል?

አማርኛ ይህን ጉዳይ ቀድሞ የጨረሰው ይመስለኛል፤ ያውም በሁለት ፊደል። «ዝናብ መጣ» ብንል ወሬ ነው። ገበሬው ግን «ዝናብ መጣልን» ይላል፤ ልብስ ያሰጣችው ጎረቤቴ «መጣብን!» ብላ ትሮጣለች። ሰማዩ ያው ነው፤ «ል» እና «ብ» ናቸው ዝናቡን ከሰው ጋር ያቆራኙት። አሁን በሰው እንሞክረው። «ልጁ ታመመ» የሚል የክፍሉ አስተማሪ ነው። «ልጁ ታመመብኝ» የምትል እናቱ ናት። «አመሸ» ሌላ፣ «አመሸብኝ» ሌላ። «ተሾመ» ሌላ፣ «ተሾመልን» ሌላ። ምሁራኑ የእኔ ደስታና ኀዘን የሌላው ሲሆን ብለው በብዙ ገጽ የደከሙበትን፣ ያልተማረች ሴት በግሥ ጭራ ላይ ጣል አድርጋው ታልፋለች። እኔ ስታመም፣ ሳመሽ፣ ስወድቅ፣ በማን አፍ ውስጥ ነው ግሡ «ብኝ» የሚጨምረው? የሰው ልጅ ዕድሜውን በሙሉ ሌላ ነገር የሚጠይቅ አይመስለኝም።

«ናፈቅከኝ»ንም ልብ በሉ። ባለቤቱ ማን ነው? የናፈቀው ሰው አይደለም፤ የሌለው ሰው ነው። አንተ ሩቅ አገር ቁጭ ብለህ፣ ምናልባትም ተኝተህ፣ እዚህ እኔ ላይ አንድ ድርጊት እየፈጸምክ ነው። በሌለበት የሚሠራ ሰው። የጉሊቷን ሴትዮ ቃሪያ ያስመረጣት ያ ሰው እኔ ነበርኩ ለካ።

«እንዴት ነህ?» ሲሉን «አለሁ» እንላለን። ከሰላምታዎች ሁሉ ይህን የመሰለ ቁጥብ መልስ አላውቅም፤ ሙሉ ፍልስፍና ነው፣ ግን ብቻውን ሲሆን ይቀዘቅዛል። «አለሁልህ» ሲሆን ነው ደም የሚዘዋወርበት። ልጁን «አለልኝ» ብሎ የሚሰይም አባት ሕፃኑ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ይህን ሰጥቶታል። «ካሳ» እና «ምትኩ» የሚባሉትን ሳይ ግን ትንሽ አዝናለሁ። እነሱም ተፈልገዋል፤ የተፈለጉት ግን በሌላ ሰው ቦታ ነው።

ስለ መፈለግ ካነሣሁ አይቀር ኩርፊያን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ የልጅነት ልምድ አለኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ አዲስ ጫማ ሲገዛለት ለእኔ የእሱ አሮጌ ደረሰኝ። አኮረፍኩ። ከማድ ቤቱ ጀርባ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጬ እስኪፈልጉኝ ጠበቅኩ። ያኮረፈ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ሆነህ ነው?» መባል። ያንን ሲባል ደግሞ «ምንም» ይላል፤ ሕጉ ነው። መሸ። ማንም አልመጣም። እራት ሲበሉ ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። ብርዱም ረኀቡም ሲያይልብኝ በገዛ እግሬ ገባሁ። እናቴ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ «የት ነበርክ? ድርሻህ መሶቡ ውስጥ አለ» አለችኝ። ማኩረፌን አላየችም። ድርሻዬን ግን አስቀምጣለች። ያን ማታ በየትኛው እንደምናደድ በየትኛው እንደምጽናና ሳላውቅ በላሁ፤ ዛሬም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም።

የሚዘጋህ ሰው ቢያንስ አንተን ለመዝጋት ይደክማል። ጨርሶ አለመታየት ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፉ፣ ወደ ክፍል ስትገባ ማንም ዞር ብሎ ባያይህ፣ ስትናገር ማንም ባይመልስልህ፣ ሁሉም የሌለህ ያህል ቢያልፉህ፣ ከዚያ ይልቅ የሥጋ ሥቃይ እፎይታ ይሆንልህ ነበር ብሎ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ኪፕሊንግ ዊልያምስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ መናፈሻ ውስጥ ከውሻው ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች የሚወራወሩት የፕላስቲክ ሳሕን እሱ ዘንድ ወደቀ። ወረወረላቸው፤ መልሰው ወረወሩለት። ጥቂት ተቀባበሉና ድንገት እሱን ትተው እርስ በርሳቸው ቀጠሉ። የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም አንጀቱን ቆረጠው። ሲያስበው ይህን በኮምፒውተር መሥራት እንደሚቻል ገባው፤ ኳስ የሚቀባበሉ ሦስት ምስሎች፣ አንዱ አንተ፣ ከጥቂት ቅብብል በኋላ ኳስ የማይደርስህ። በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይከፋዋል። የሚገርመው፣ ኳሷን የሚወረውረው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው ተብሎ ሲነገረውም ይከፋዋል። ተጫዋቾቹ ጥቁሮችን የሚያሳድደው የኩ ክላክስ ክላን አባላት ናቸው ሲባሉም ተጠኚዎቹ ኳስ ባለማግኘታቸው ተከፍተዋል። በጥላቻ የማየው ሰው ሳይቀር እንዲያየኝ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፤ በራሴ አውቀዋለሁና።

አሁን ወደ ጡረታዬ ልምጣ። ለብዙ ዓመታት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በእጄ ነበር። የትኛው ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ሰው እንዲያውቅም ብዙ አልተጋሁም። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። የብረት ቁም ሣጥኑ መለዋወጫ ቁልፍ ጠፍቷቸው ነው። ነገርኳቸው። «ሌላስ የጠፋችሁ ነገር የለም?» ብዬ ጠየቅኩ። የለም ብለው አመስግነው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም።

ሮዘንበርግና ባልደረባው ጥናታቸው በአፍላ ወጣቶች ላይ ቢሆንም ጡረተኛውን አልረሱትም፤ የሚመካበት ሰው ሲያጣ ዕረፍቱ ቅጣት ይሆንበታል ብለዋል። ልክ ናቸው። ግን ከእነሱ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ማሰለፍ የሚከብደኝም ይህን ጊዜ ነው። መመካት የሚሉትን። እኔ ለመሥሪያ ቤቱ አስፈልግ ነበር፤ ቁልፍም እንደዚያው ያስፈልጋል። ቁልፍ ሲጠፋ ቤት ይታመሳል፣ ሌላ ሲቀረጽ ይረሳል።

ከእኔ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ ኮሮናም ሲደረብበት፣ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር ተቀምጠው ታዩ። አሠሪዎቻቸው በመኪና እያመጡ ያራገፏቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው። እነዚያ ቤቶች ያለ እነዚህ ሴቶች አንድ ቀን የማያድሩ ነበሩ። ምግቡን የሠሩት፣ ሽማግሌውን ያጠቡት፣ ሕፃኑን ያስተኙት እነሱ ናቸው፤ ከነሱ በላይ የሚያስፈልግ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሆኖም በአንድ ቀን ደጅ ተጣሉ። ሰው ሙሉ በሙሉ ተመክቶብህም ዓይኑ ላያይህ ይችላል።

ከዚህ በኩልስ? የሰፈራችን አንድ ቤት ውስጥ ልጅቷ ከሄደችበት ዓረብ አገር ስትደውል ስልኩ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር አይቻለሁ። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይመርቃል። ላከችልን፣ አሠራችልን፣ አስተማረችልን፤ ግሡ ሁሉ «ልን» ነው። እናትየው ብቻ ስልኩን ወስዳ ወደ ጓዳ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ነው?» አለቻት። ሌሎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይወዷታልም። ግን ጉንፋኑን የሰማች አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጅቷም ማታ ስትተኛ የሰማችው የእናቷን ጥያቄ ይመስለኛል።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጀሮም ሞቶ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ክፉ አጋጣሚ ነው፤ ሥራው የስሙ ተቃራኒ ነበር።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ አንዲት በቅጡ የማያውቃት ወጣት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ ምንም አትጠይቀውም፣ ትጽፍለታለች ብቻ። ሐኪሙ ይህን አልረሳም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በድብርት ወይም ራሳቸውን ለማጥፋት በመድረሳቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎችን ተከታተለ። ከነሱ 843ቱ ከወጡ በኋላ ሕክምናውን አልቀጥልም ያሉ ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ምንም አልተደረገም። ለሁለተኛው ወገን በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩ፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ እየቆየ በየሦስት ወሩ። ፈራሚው ሆስፒታል ሳሉ ያነጋገራቸው ሰው ነው። ይዘቱ ተሰብስቦ ሲጨመቅ፣ ከተያየን ቆየን፣ ደህና እንደሆንክ ተስፋ አለን፣ ብትጽፍልን ደስ ይለናል ነው። ምክር የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ «መድኃኒትህን ውሰድ» የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤው ከሚደርሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ወገን በግልጽ ያነሱ ሆኑ። ኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዷል፤ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎችም ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። ደብዳቤ ተአምር አይደለም።

ቢሆንም አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። በአማርኛ ሰውየው «ራሱን አጠፋ» እንላለን። ለሰላምታም «ጠፋህ» እንላለን። አንድ ግሥ ነው። ሐኪሙ ያንን ደብዳቤ በእኛ ቋንቋ ቢጽፈው ኖሮ «ጠፋህብን» ከማለት ሌላ ምን ይጽፍ ነበር?

«ደብዳቤው እኮ በፕሮግራም የሚላክ ነው፤ ቀን ቆጥሮ፣ በጽሕፈት መኪና። ከልብ አይደለም» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው የእድራችንን ደብተር ባሳየው ደስ ይለኛል። ጉልበቴን ባመመኝ ሰሞን ሁለት ቀብር ነበር። እድር ደግሞ ሕግ ነው፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ስወጣ ለማስረዳት ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በስም ዝርዝሩ ላይ ቁልቁል አወረዱ፤ ስሜ አጠገብ ሁለት ቦታ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል። «አሞኝ ነው እኮ» አልኩ። ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ከላይ «ታሞ» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ዝርዝሩን ትተው በመነጽራቸው አናት ተመለከቱኝ፤ «ታዲያ ለምን ሰው አትልክም? መጥተን አንጠይቅህም ነበር?» ተቆጡኝ። ያ ቁጣ ከደብተሩ ነው የመጣው። ደብተሩ ባይኖር መቅረቴን አያውቁም፤ መቅረቴን ባያውቁ አይቆጡም። ልብ ሁልጊዜ ቀድሞ አይሄድም፤ አንዳንዴ ሰረዝና ቀይ እስክሪብቶ ይቀድሙታል፣ ልብ ደግሞ ከኋላ ይደርሳል። አንዳንዴም አይደርስም፤ የእድር ደብተር ውስጥ ቅጣት ብቻ ሆነው የቀሩ ሰዎችንም አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጉሊት ወጣሁ። በሴትዮዋ ቦታ አንዲት ወጣት ልጅ ተቀምጣ ሽንኩርት ትደረድራለች። መደቡ ላይ ያለው ቃሪያ ሁሉ ትንንሽ ነው። ለስንግ የሚሆን የለም።

«እዚህ የምትቀመጠው ሴትዮ ምነው ጠፋች?»

«እትዬን ነው? ልጃቸው ወልዳ፣ ሊያርሷት ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ወር ሊሞላቸው ነው እኮ።»

«ወር?»

«አዎ። እርስዎ ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ከእኔ ነው የገዙት።»

ምን እንደምላት አጣሁ። ሽንኩርቱን መዘነችልኝ፣ ቃሪያውንም ከነትንሽነቱ በፌስታል ቋጠረችልኝ። ሒሳብ ከፍዬ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላ ጠራችኝ።

«ጋሼ! ሲመጡ ‹ማነው የጠየቀኝ?› ቢሉኝ ማን ልበላቸው?»

ስሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ለሴትዮዋ ምንም እንደማይላት ትዝ አለኝ።

«‹ቃሪያ የሚያስቀምጡለት ሰውዬ› በያቸው» አልኳት።